ድሪቶ ስንሰፋ የያዘኝ ግርሻ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ ማለቱን ነው። የጥቅምት ፀሐይ ጀርባዬን እየመታኝ ከደብራችን አጥር ሥር ተቀምጬ ነበር። ክሩን በምራቄ አርጥቤ አሾልኩና ሰደድኩት፤ ሳተ። ደግሜ ሰደድኩት፤ አሁንም ሳተ። እጄ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ የተቀመጡት እቴ ማሬ በጎን አይተውኝ፣ «አትጠገብ፣ ገና በዚህ ዕድሜሽ ዓይንሽ ደከመ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ሰው ሁሉ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት እኔን በረደኝ።

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ፎገራ ውስጥ ቁሐር አካባቢ ነው። ያን ጊዜ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ መነጽር የሚያቀብሉኝ አሮጊት ነኝ፤ ይህንም የምጽፈው በስተርጅና በተማርኩት ፊደል ነው። ጀግንነቴን ለማውራት አይደለም፤ ትንሽ ጀግና መሆኔን ግን አልክድም። ያው በሽታ ወይም እሱን የሚመስል ቤታቸው ገብቶ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ወይስ ይቅር እያሉ በር ላይ ለቆሙ ሰዎች ነው የምጽፈው።

አስቀድሜ የምንሰፋውን ነገር ልንገራችሁ፤ በሽታው የመጣው በሱ በኩል ነውና። ፎገራ ላይ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። ዝቅ ካለው ቦታ ያሉት ሰዎች ከብታቸውን እየነዱ፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከፍ ካለው ቦታ ካለነው ዘመድና ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ይጠጋሉ። ውኃው ሲጎድል ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ የሚመለሱበት ቤት ግን ገና እርጥብ ነው፣ ልብሳቸውም በጭቃ አልቋል። በደብሩ ዙሪያ ደግሞ የቆሎ ተማሪዎችና የኔ ቢጤዎች አሉ። የማርያም ማኅበር የምንጠጣ ሴቶች ለነዚህ ሁሉ ከእራፊ ድሪቶ እንሰፋላቸው ነበር።

ድሪቶ ለባሽ ማለት ስድብ እንደሆነ አውቃለሁ። የኛን ድሪቶ ያየ ግን አይሳደብም። እያንዳንዱ ቤት ያለውን ያመጣል፦ ያለቀ ጋቢ፣ የተቀደደ ቀሚስ፣ የአቡጀዲ ቁራጭ፣ ወታደር የነበረ ሰው ካለም አሮጌ ካኪ። የበሬ ቁርበት መሬት ላይ አንጥፈን፣ ያረጀ ቡልኮ በመሀል አድርገን፣ እራፊውን ከላይና ከታች እየደረደርን፣ ሁለት ሴቶች ከሁለቱ ጫፍ ጀምረን ወደ መሀል እንሰፋለን። መሀል ላይ ስንገናኝ ስፌቷ የላላ ሴት ጉድ ፈላባት። እቴ ማሬ አለቃችን ነበሩ፤ የላላ ስፌት ካዩ አፍ አውጥተው አይናገሩም፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ተርትረው ጭናችን ላይ ያስቀምጡልናል። የምንሰፋው በአነስተኛ በዓል ቀን ነው። ወንዶቹ ሞፈር ቀንበራቸውን ሰቅለው ሲውሉ፣ የደብሩ ቄስ መምሬ ወርቁ «ለድሃ ከሆነ ስፉ» ብለው ስለፈቀዱልን እኛ መርፌያችንን ይዘን እንወጣለን። ባሎቻችን በዓል በመጣ ቁጥር እራት ይዘገይብናል እያሉ ይነጫነጩ ነበር፤ ማንም አልሰማቸውም።

እራፊው ከበሽተኛም ከሟችም ቤት ስለሚመጣ ጸበል ሳይነካው አንሰፋውም። መምሬ ወርቁ ይረጩልናል። ጸበል የነካውን ጨርቅ ደግሞ ከዚያ በኋላ ማጠብ፣ ይልቁንም በፈላ ውኃ መቀቀል፣ በረከቱን መሬት ላይ እንደ መድፋት ሆኖ ይታየን ነበር። ማንም አላዘዘንም፤ ራሳችን ያወጣነው ሕግ ነው። ታዲያ ቅማሉስ? ቅማሉን በእጃችን እንለቅማለን። እራፊውን ፀሐይ ላይ ዘርግተን፣ እጥፋቱን እየገለጥን፣ ያገኘነውን በሁለት አውራ ጣት ጥፍራችን መሀል እየጨፈለቅን እንጨርሳለን። ቅማል ያለበት ልብስ ለድሃ መስጠት ለኛ ውርደት ነው። በዚህ በኩል እቴ ማሬን የሚያህል ጥንቁቅ አልነበረም፤ እኛ የለቀምነውን እሳቸው ደግመው ይለቅሙታል።

ያን ቀን ባለቤቴ ደምሌ ደግፎ ወደ ቤት ወሰደኝ። ራሴን ይፈልጠኛል። ባቴን በዱላ የተቀጠቀጥኩ ይመስል ያመኛል። ሰውነቴ ከመጋሉ የተነሣ ጡት የምትጠባዋን ልጄን ከጎኔ አነሷት። ፎገራ ላይ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነውና ኪኒን ሰጡኝ፤ ዋጥኩት፣ ምንም አልሆነ። ፌጦ በጥብጠው አጠጡኝ፤ እሱም ምንም አልሆነ። ሳምንት ሊሞላኝ ሲል ዘመድ ተመካክሮ በበቅሎ ወንዛዬ ወሰዱኝና ፍል ውኃው ውስጥ ነከሩኝ። በማግሥቱ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ትኩሳቱም ጥሎኝ ሄደ። ደምሌ ከደስታው ብዛት በቅሎዋን ግንባሯ ላይ ሳማት። ሰው ፊት እኔን መሳም ነውር ስለሆነበት ነው።

ወንዛዬን አልወቅስም። እግሬ እሺ ባለኝ ዘመን ሁሉ ለወገቤም ለጉልበቴም እሄድበት ነበር። ትኩሳቱን ያወረደው ግን ፍል ውኃው እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ይህ በሽታ ራሱ ይለቃል፣ ራሱ ይመለሳል። ግርሻ መባሉም ለዚህ ነው። እኔ ይህን ስላላወቅሁ ዳንኩ ብዬ ተነሣሁ፤ እንደ ጉድ በላሁ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠይቄ ዞርኩ፣ በዓል ሲመጣም ደምሌ «እባክሽ ትንሽ እረፊ» እያለኝ ጥዬው ወደ ስፌቱ ሄድኩ። የጀመርናቸውን ድሪቶዎች ጨርሰን ለተማሪዎቹ ሰጠናቸው። እቴ ማሬ ስፌቴን አይተው ምንም ሳይተረትሩ አለፉ፤ ከሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ሳምንት ያህል እንዲህ በሰላም ዋልኩ አደርኩ።

ከዚያ ውኃ ልቀዳ ጎንበስ ስል ነስር ወረደኝ።

ደሙ እንስራው ላይ ተንጠባጠበ። ብርዱ ተከተለ። ትኩሳቱም መጣ። ከፊተኛው ይብስ ነበር። ከግራ ጎድኔ ሥር፣ ጣፊያዬ ላይ፣ ድንጋይ የተጫነኝ ያህል ከበደኝ። አስታወከኝ። በማግሥቱ ደምሌ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ነበር።

እቴ ማሬ ሊጠይቁኝ መጥተው ገና ሲያዩኝ ደረታቸውን ያዙ። «ይኸማ የወፍ በሽታ ነው። ደምሌ፣ ልብ ብለህ ስማኝ። የወፍ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም። የእህቴን ባል እንዲህ አድርገው ነው የገደሉብኝ፤ ቁሞ ሂዶ በቃሬዛ ነው የመጣ። ወረታ ሐኪም ቤት እንዳትወስዳት! ባይሆን ሥር የሚያውቅ ሰው እኔ አመጣላታለሁ።»

ይህን ያሉት ስለሚወዱኝ ነው። በአገራችንም ያኔ እንዲህ የማያምን ሰው አልነበረም፤ እኔ ራሴ አምን ነበር። ደምሌ በሩ ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። ኋላ ተነሥቶ፣ «እቴ ማሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንዛዬም ሂዳ ተመለሰባት። ዝም ብዬ ቤት ውስጥ ስትሞት አላይም» አላቸው። እቴ ማሬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው፣ «እንግዲህ እጄ የለበትም» ብለው እያለቀሱ ወጡ። እኔ ተኝቼ ሁሉንም እሰማለሁ። የማን እውነት እንደሆነ አላወቅሁም። ለልጆቼ ብዬ ብቻ መኖር ፈለግሁ።

ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸከሙኝ። የፎገራ ጥቁር ጭቃ በዚያ ወራት ገና አልጠነከረም፤ ተሸካሚዎቹ እግራቸውን ከጭቃው እየነቀሉ፣ እየተፈራረቁ፣ ወረታ አደረሱኝ። እዚያ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነበር። ሐኪሙ ጎንደር ተምረው የመጡ፣ ዕድሜያቸው የታናሽ ወንድሜ የሚሆን ሰው ናቸው። ያዳነኝን ሰው አንተ ማለት ስለማይሆንልኝ እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። ጣቴን ወግተው ደም አወጡና መስታወት ላይ ቀብተው ማይክሮስኮፕ በሚሉት መሣሪያ አዩት። ቆይተው ደምሌን ጠርተው አሳዩት። ደምሌ እስኪሞት ድረስ ያንን ያየውን ነገር ያወራ ነበር፦ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር የሚመስል ነገር በደሜ ውስጥ ይላወሳል።

ሐኪሙ እንዲህ አሉ፦ «ወባ አይደለም። የወፍ የምትሉትም አይደለም። ሪላፕሲንግ ፊቨር ይባላል፤ ግርሻ ነው። ይኸ የምታየው ቦረሊያ የሚባል ተሐዋሲ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው።»

«እኔ ቅማላም አይደለሁም» አልኩ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኜ እንኳ ስሜ አሳሰበኝ። ሐኪሙ አልሳቁብኝም። ወደ ደምሌና ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። መርፌው ከገባ በኋላ ይብስባታል። ትንቀጠቀጣለች፣ ትኩሳቷ ይጨምራል፣ ትቃዣለች። ተሐዋሲው ደሟ ውስጥ ባንድ ጊዜ ሲያልቅ ሰውነቷ የሚያደርገው ነው። ያን ጊዜ ይዛችኋት እንዳትሄዱ።»

ተወጋሁ። ለጥቂት ሰዓት ምንም አልሆንኩም።

ከዚያ መጣ። ቤቱ የሚናወጥ መሰለኝ። የሚናወጠው አልጋው ነበር። አልጋውን የምነቀንቀው እኔ ነበርኩ። ጥርሴን መግጠም አልቻልኩም። ምላሴን ነከስኩ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ሰው ያናግረኛል፤ አልሰማም። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ናቸው። ልጆቼን ጠራሁ አሉ። «ስፌቱ ላላ፣ ስፌቱ ላላ» እያልኩ ጮህኩ አሉ። ዓይኔ ተገለበጠ አሉ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ «ይኸው እቴ ማሬ ያሉት ደረሰ» አለ። ደምሌ ቃሬዛውን አነሣ።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሙ። «አሁን ካነሣችኋት መንገድ ላይ ትሞታለች። እዚሁ ከቆየች ይለቃታል። እኔም ከአጠገቧ አልንቀሳቀስም» አሉ። ደምሌ ቃሬዛውን እንደያዘ ቆየ። ከሐኪሙ ጋር ይተያያሉ። በመጨረሻ አስቀመጠው። ሐኪሙ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ የልብ ትርታዬን እየቆጠሩ፣ ግሉኮስ እያንጠባጠቡልኝ፣ ደምሌን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን እንዲያብስ እያዘዙት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አላበኝ። አንሶላው ራሰ። ዓይኔን ስገልጥ ደምሌን አየሁት፤ እያለቀሰ ነበር፣ ደግሞም ላብ ነው ብሎ ካደኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ወደ ብርሃን የሚሄድ ነበር። መጀመሪያ ወተት በማንኪያ፣ ቀጥሎ አጥሚት፣ ቀጥሎ ደምሌ ከገበያ ገዝቶ ያመጣልኝን ብርቱካን እየላስኩ፣ ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግቢው እየተጎተትኩ፣ ዓይኔ ከቢጫ ወደ ነጭ ሲመለስ በሐኪሙ ትንሽ መስታወት ራሴን እያየሁ፣ ምንኛ እንደከሳሁ ሳይቀር ደስ እያለኝ ሰነበትኩ። ጤና ሲመለስ የሚሰማውን ደስታ ያልታመመ ሰው አያውቀውም። የሩቅ የላም እምቧታ ሰምቼ በደስታ ያለቀስኩበት ጊዜ አለ።

አንድ ቀን ሐኪሙ ስለ ድሪቶው ሁሉንም እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ጸበሉንም፣ መቀቀል እንደማንደፍርም፣ ቅማሉን በጥፍራችን እንደምንጨርስም፤ ይህንኛውን እንዲያውም ኮራ ብዬ ነው የነገርኳቸው። «እስቲ እጅሽን አሳይኝ» አሉ። ዘረጋሁላቸው። የጣቶቼ ጫፎች በስፌት መርፌ የተወጉ ጠባሳዎች ነበሩባቸው።

«ይኸ በሽታ ቅማሉ ስለነከሰሽ አይደለም የሚይዝሽ» አሉኝ። «ተሐዋሲው ያለው ከቅማሉ ሰውነት ውስጥ ነው። ስትጨፈልቂው ይወጣል፣ በተወጋው ጣትሽ በኩል ይገባል። ስታክኪም በተቦጨረው ቆዳሽ ይገባል። አለመጨፍለቅ ነው፤ መቀቀል ነው።»

ለድሃው ንጹሕ ልብስ እንስጥ ብለን በጣታችን ያደረግነው ጥንቃቄ እኛኑ እንደያዘን ያን ጊዜ ገባኝ። ወዲያው በዓይኔ የመጡት እቴ ማሬ ናቸው፤ ከሁላችን በላይ የሚለቅሙት እሳቸው። ብዙም ሳይቆይ ለወረታ ገበያ የመጣ የሰፈራችን ሰው ወሬውን አመጣው። እቴ ማሬ ታመው፣ ተሽሏቸው ተነሥተው፣ እንደገና ወድቀዋል። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ሐኪም የሚባል ሰው በሬን እንዳይረግጥ ብለዋል። የኔን መርዶም እየጠበቁ ነው።

ሐኪሙ መንደሩን ራሳቸው ማየት ስለነበረባቸው መድኃኒታቸውን በቦርሳ፣ ዲዲቲ የሚባለውን የቅማል ማጥፊያ ዱቄት በጆንያ ጭነው አብረውን ተነሡ። እኔን በቅሎ ላይ አስቀመጡኝ። በቤቴ በር ስናልፍ የልጆቼን ድምፅ ሰማሁ። ልቤ ወደዚያ ተጎተተ፤ ደምሌም በቅሎዋን ሊያዞር ነበር። «መጀመሪያ እቴ ማሬ ዘንድ» አልኩት። ከበሩ ስንደርስ እንዳይሸከሙኝ ከለከልኩ። ግድግዳውን እየያዝኩ፣ በእግሬ ገባሁ።

እቴ ማሬ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል።

«እቴ ማሬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማን?»

«አትጠገብ።»

እቴ ማሬ ቀስ ብለው ዞሩ። እጃቸውን ዘርግተው መጀመሪያ ክንዴን፣ ቀጥሎ ጉንጬን ዳሰሱኝ። «አልሞትሽም?»

«አልሞትኩም።»

«አልወጉሽማ።»

«ወጉኝ እንጂ።»

«የት ላይ ነው የወጉሽ?»

«ኧረ ሐኪሙ ቆመው እየሰሙ እንዲህ አይጠይቁኝ!» አልኳቸው። ከንፈራቸው ፈገግ ሊል ሞከረና ተመልሶ ጠፋ።

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ደምሽ ብዙ ነው። እኔስ አርጅቻለሁ፤ ተይኝ፣ ከነክብሬ ልሙት።»

 መካሪ ሆኜ ነበር የገባሁት፤ ምክሩ ሁሉ ጠፋኝ። «እቴ ማሬ፣ እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ ነው የመጣሁ» አልኩ። «አላታልልዎትም። መርፌው ሲገባ ይብስብዎታል። ሞትኩ ይላሉ። እኔም ብያለሁ። ከዚያ ያልብዎታል፣ ያልፋል። እኔ ላይ ያለፈ ነው የምነግርዎት፤ የሰማሁት አይደለም።»

 እቴ ማሬ ዓይኔን ብዙ አዩት። ነጭ ነው።

«አብረሽኝ ትሆኛለሽ?»

«ወዴት እሄዳለሁ?»

«በል እንግዲህ፣ ና» አሉት ሐኪሙን።

መንቀጥቀጡ ሲጀምራቸው አልጋው ላይ ወጥቼ ከኋላቸው ታቀፍኳቸው። አጥንታቸው አጥንቴን ይመታኛል። «ልሞት ነው» ይላሉ። «አይሞቱም» እላለሁ። «ልሞት ነው አትጠገብ።» «ይኸ ያልኩዎት ነው። ይኸው ነው።» ቤተ ዘመድ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። አንዱ ሐኪሙን ሊያስወጣ ቃጣ። እኔ፣ ያቺ ቀና ብላ መሄድ ያቃታት ሴት፣ የማይገባ ስድብ ሰድቤ አስቆምኩት። ሐኪሙ የልብ ትርታቸውን ይቆጥራሉ። ሰውነታቸው ይግላል። ይግላል። ከዚያ አንገታቸው ሥር እርጥበት ተሰማኝ። ላብ ነበር።

እቴ ማሬ ረዥም እንቅልፍ ተኙ። ሲነቁ ቤቱን ዞር ብለው አዩና፣ «ይኸ ሐኪም ምሳ በልቷል?» አሉ። እንደ ዳኑ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን የቀረን ድሪቶውን ከቅማል ማጽዳት ነበር። ሐኪሙ በርሜል ጥደን ያለንን ሁሉ እንድንቀቅል ሲያዙን ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጸበል የነካውን? መምሬ ወርቁ ዘንድ ሄድን። «ጸበል የነካውን አትቀቅሉ ያለ ማነው? እኔ ብያለሁ?» አሉ። አላሉም ነበር። «መጀመሪያ ቀቅሉ፤ ደርቆ ሲመጣ እረጭላችኋለሁ። እግዜር ንጹሕ ጨርቅ ይጠላል ያላችሁ ማን ነው?» ብለው እንጨቱን ራሳቸው መጀመሪያ በርሜሉ ሥር አስቀመጡ። ለተማሪዎቹ የሰጠነውን ድሪቶ ሰበሰብን፤ የበግ ቆዳ ደበሏቸው ግን አይቀቀልምና ዲዲቲ ተነሰነሰበት። ተማሪዎቹ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ልብሳቸው እስኪደርቅ ሲጠብቁ፣ አንዳንዶቹ በርሜሉን እያዩ ሽሮው መቼ ይበስላል እያሉ ሲቀልዱብን ዋሉ። ከጎርፉ ከሸሹት ሰዎች መሀል ሳንደርስላቸው ያለፉ አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የታመሙትን ሁሉ ግን ሐኪሙ ቤት ለቤት እየዞሩ ፈለጉ።

ከነዚያ መሀል ዝቅ ካለው ሰፈር የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓይናቸው ቢጫ፣ ምላሳቸው ስለታም፣ ሐኪሙን በዱላ ያባረሩ። እኔ ልሄድ ስነሣ እቴ ማሬ ቀደሙኝ። ገና በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። ሽማግሌው አጠገብ ቁጭ አሉና፣ «አያ፣ እኔ ማሬ ነኝ። ይኸንኑ ታምሜ ተወግቻለሁ። ያንቀጠቅጣል፤ ፈርቼ ነበር፤ እዚህ ነኝ» አሏቸው። ሽማግሌው ብዙ ተከራከሩ። እቴ ማሬ አልተነሡም። እየመሸ ሲሄድ ሽማግሌው ከክርክር ድካም ይሁን ከማመን እጃቸውን ሰጡ፤ ዳኑም። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ መስፋታችንን ቀጠልን፤ ጨርቁ ሁሉ ግን ቀድሞ በበርሜሉ ያልፋል፣ ቅማል ያየች ሴትም ጥፍሯን አታነሣም።

አመሰግናለሁ። ቃሬዛውን ያስቀመጠውን ባሌን፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሐኪም፣ በጭቃው የተሸከሙኝን ጎረቤቶች፣ እንጨቱን ያስቀመጡትን መምሬ፣ ከሁሉም በላይ እግዚአብሔርን።

እናንተ ደግሞ፣ ትኩሳት ሲለቃችሁ ዳንኩ ብላችሁ አትታለሉ፤ ሊመለስ ይችላልና ሂዱና ደማችሁ ይታይ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሐኪም ያየው ዘንድ ነው የሚገባው። ዛሬ መድኃኒቱ ከኔ ዘመን የተሻለ ነው፣ ሐኪሙም ብዙ ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ልብስ ለሰው ስትሰጡ ቀቅላችሁ ስጡ። ቅማል በእጅ አትጨፍልቁ። ከመድኃኒቱ በኋላ በሽተኛው ቢብስበት ተሸክማችሁት አትሽሹ፤ ሐኪሙን ጥሩና አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጁን ያዙ። ያን ሰዓት ብቻውን ማለፍ ከባድ ነው።

ስትድኑ ደግሞ ቤታችሁ አትቀመጡ። በመንደራችሁ ያንኑ የታመመና መዳኑን ያላመነ ሰው ካለ፣ እየተደገፋችሁም ቢሆን ሂዱና ታዩለት። እኔ ዛሬ እግሬ እምቢ ስላለኝ እናንተ ዘንድ የመጣሁት በዚህ ጽሑፍ ነው። ታምሜ ነበር። መድኃኒቱ ገብቶ ብሶብኝ ነበር። ዳንኩ፣ ልጆቼን አሳደግሁ፣ አረጀሁ። በሉ ተነሡ፤ በሽተኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።